ሌሊት ስንት ነርስ አለ?

ሆስፒስ (በማይድን በሽታ የተያዘ ሰው እንክብካቤ የሚያገኝበት ቤት) የሚለውን ቃል መጀመሪያ ወደ ቤታችን ያመጣችው የልጄ ሐኪም ናት፤ እዚህ ለንደን። ሚጡ 3 ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ቀርቷት ነበር። ሐኪሟ ስለ በሽታው አስረድታ ስትጨርስ «ከልጆች ሆስፒስ አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ?» አለችን። ባለቤቴ ብድግ አለ። «ልጄ አልሞተችም» ብሏት ወጣ። እኔም ቦርሳዬን ይዤ ተከተልኩት።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ያህል ከሆስፒሱ ሲደውሉ አናነሳም። ደብዳቤ ሲልኩ ሳንከፍተው መሳቢያ ውስጥ እናስገባዋለን። ይህን የምጽፈው በዚያ መሳቢያ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ቤቱ ያስቀመጠ ሌላ አበሻ እንደሚኖር አውቃለሁ።

ሚጡ የቤት ስሟ ነው። በሽታዋ ሜታክሮማቲክ ሉኮዳይስትሮፊ ይባላል። ስሙን ሳልሳሳት ለመጥራት ራሱ ሳምንት ፈጅቶብኛል። ከእናትም ከአባትም የተበላሸው ዘረመል ሲገናኝ የሚመጣ ነው፤ ወላጆቹ ግን ጤነኞች ስለሆኑ ምንም አያውቁም። በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል አለው። የነርቭን ሽፋን ነው ቀስ በቀስ የሚያጠፋው። ሚጡ እንደማንኛውም ልጅ ድክ ድክ ብላለች፣ ሮጣለች። ሁለት ዓመት ሲያልፋት መውደቅ አበዛች። ከዚያ መራመዱ ቀረ። ከዚያ «እማ» ማለቱ ቀረ። ከዚያ መዋጥ አቃታት። በ2022 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) እንግሊዝ ውስጥ ለበሽታው የዘረመል ሕክምና ተፈቀደ፤ ነገር ግን በተለይ ምልክቱ ሳይጀምር ለተገኘ ልጅ ነው። ለእኛ አልፎ ነበር።

ቃሉን የፈራነው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሆስፒስ ስንል የሚታየን ሰው ሊሞት ሲል የሚተኛበት ቤት ነው። አገር ቤት ሆስፒስ ኢትዮጵያ ከ2003 ጀምሮ አለ፤ እነሱ ግን በዋናነት ሕመምተኛውን ቤቱ ድረስ ሄደው ነው የሚረዱት። የልጆች ሆስፒስ የሚባለው ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ነገር ነው። የዓለም የመጀመሪያው የተከፈተው በ1982 እዚሁ እንግሊዝ፣ ኦክስፎርድ ውስጥ ነው። ሲስተር ፍራንሲስ ዶሚኒካ የሚባሉ መነኩሲት፣ ሔለን የምትባል በጠና የታመመች ልጅ ነበረች፣ ወላጆቿ ትንሽ እንዲያርፉ እሳቸው ዘንድ ያሳድሯት ጀመር። ሐሳቡ ከዚያ መጣ። ቤቱም «ሔለን ሃውስ» ተባለ። ስለዚህ ነገሩ ከመጀመሪያውም የተነሳው እናት እንድትተኛ ነው። ይህን ማንም ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ!

እኔን ወደዚያ የወሰደኝ እንቅልፍ ነው። ሚጡ በዚያን ጊዜ በሆዷ በገባ ቱቦ ነበር የምትመገበው፤ ሌሊቱን ሙሉ ፓምፕ ያንጠባጥብላታል። አክታዋን የምንስብበት ማሽን አለ። በየአራት ሰዓቱ መድኃኒት አለ። በየሁለት ሰዓቱ መገልበጥ አለ። ባለቤቴ ሌሊት አውቶቡስ ይነዳል። አንድ ሌሊት ፓምፑ ሲጮህ፣ ሲጮህ፣ እኔ አልሰማሁም። የሰማው የ12 ዓመት ወንድሟ ነው። ተነስቶ፣ አጥፍቶ፣ እህቱን አስተካክሎ፣ ጠዋት ሳይነግረኝ ትምህርት ቤት ሄደ። ያወቅኩት መምህሩ «ክፍል ውስጥ ይተኛል» ብላ ስትደውል ነው። በዚያው ቀን መሳቢያውን ከፈትኩ።

ከመሄዴ በፊት ቤተ ክርስቲያን የማውቃት አንዲት እናት፣ እሷም በዚህ መንገድ ያለፈች ናት፣ እንዲህ አለችኝ። «ሕንፃው አያታልሽ። መዋኛ ገንዳ ያሳዩሻል፣ መብራት የሚቀያየርበት ክፍል ያሳዩሻል። አንቺ ግን ሌሊት ስንት ነርስ አለ ብለሽ ጠይቂ።»

እውነትም ገንዳውን አሳዩን። ውኃው ሞቃት ነው፣ ሙዚቃ አለው። ባለቤቴ አፉን ከፍቶ ቀረ። እኔ እያፈርኩ ጠየቅኩ፤ ሌሊት ስንት ነርስ አለ? ስንት ልጅ ይተኛል? ነርሶቹ የራሳችሁ ናቸው ወይስ ከኤጀንሲ? ያስጎበኘችን ሲስተር ቅር አላላትም። ቁጥሩን ነገረችኝ። ሰው ሲጎድልባቸው አንዳንድ አልጋ እንደሚዘጉም ሳትደብቅ ነገረችኝ። አልጋ እንዘጋለን ስትል መጀመሪያ ደነገጥኩ። በኋላ ሳስበው ግን ልቤ ያረፈው በዚያ መልስ ነው። ሰው ሳይኖራት አልጋ የምትሞላ ቤት ናት የምታስፈራው።

ከዚያ ሌላ ሲስተር ቤታችን መጣች። ደብተር ይዛ ሁለት ሰዓት ተቀመጠች። ኬር ፕላን፣ ማለትም የእንክብካቤ ዕቅድ፣ ልትጽፍ ነው። «ሲያማት በምን ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «ታለቅሳለች» አልኩ። «ሳታለቅስስ?» አለች። ለአፍታ መልስ አጣሁ። ለካ አውቃለሁ። የግራ ቅንድቧ ይሰበሰባል። የእግሯ ጣቶች ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ። ትንፋሿን ያዝ ታደርጋለች። ሲርባት እንዲህ አታደርግም፣ ሲደክማትም አታደርግም። ሆስፒታል ውስጥ መናገር ለማይችል ልጅ ፊቱን፣ እግሩን፣ እንቅስቃሴውን፣ ለቅሶውንና ሲባበል ዝም ማለቱን አይተው ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣሉ። እሱ ጥሩ ነው። የሚጡን ቅንድብ ግን አይጽፍም። ሲስተሯ ሁሉንም በእኔ ቃል ጻፈችው።

«ደስ ሲላትስ?» አለችኝ። ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ቡና ሲቆላ ትስቃለች አልኳት። እሱንም ጻፈች። (በሁለተኛው ቆይታችን ሠራተኞቹ ከእኔ ጋር ሆነው በወጥ ቤታቸው ቡና ቆላን። የእሳት አደጋ ደወሉ ጮኸ፤ ሰው ሁሉ ግቢ ወጣ። ሚጡ ከሳቀችው ሳቅ ሁሉ ያ ይበልጣል።)

በዓመት 14 ሌሊት ተፈቀደልን። መጀመሪያ አብሬያት አደርኩ፤ የወላጆች ክፍል ፎቅ ላይ አለ። ቀጥሎ አንድ ሌሊት ቤቴ ሄጄ ተኛሁ። 11 ሰዓት ያለማቋረጥ ተኛሁ። ስነቃ ያለቀስኩት በደስታ ይሁን በጥፋተኝነት እስካሁን አላውቅም።

አሁን ደግሞ ስለ ጉድለቱ ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ ይህ ጽሑፍ ማስታወቂያ ይሆናል። የቤቱን ስም አልጠራም።

መጀመሪያ ፀጉሯ። ከአምስት ሌሊት በኋላ ስወስዳት ከኋላ ያለው ፀጉሯ ትራሱ ላይ እየታሸ እንደ ሱፍ ተድበልብሏል። አጥበውት ነበር፤ ግን እንደ ፈረንጅ ፀጉር አጥበው፣ ሳይቀቡ፣ ሳያበጥሩ። ትንሽ ነገር ይመስላል። ለመፍታት ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ ሚጡ ደግሞ ሲነኳት ያማታል። ዝም ልል ነበር። ባለቤቴ ነው ያስነገረኝ። ከዚያ ቅባቱን፣ ማበጠሪያውንና የሐር ትራስ ልብሱን ይዤ ሄድኩ፤ እንዴት እንደሚሠራ ሁለት ነርሶችን አሳየሁ። አንዷ ሹሩባ መሥራት ለመደች። መጀመሪያ የሠራችው የዶሮ ጎጆ ይመስል ነበር፤ በኋላ ግን አደገች።

ሁለተኛው ከባድ ነው። በአራተኛው ቆይታ ሌሊት የኤጀንሲ ነርስ ነበረች። ለጡንቻ መኮማተር የሚሰጣትን መድኃኒት አንድ ሰዓት ተኩል አዘግይታ ሰጠቻት። በማትወደው ጎኗ አስተኝታት አድራለች። ጠዋት ስደርስ ፒጃማዋ በላብ ርሷል፣ ጣቶቿ ታጥፈዋል። ኬር ፕላኑ ፋይል ውስጥ ነበር፤ አላነበበችውም። ሚጡ አላለቀሰችም፤ ስለዚህ ነርሷ «ጥሩ አድራለች» ብላ ጽፋለች።

እኔ ምን አደረግሁ? «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ልጄን ይዤ ወጣሁ። ይሉኝታ። በነጻ እየረዱን ምን ብዬ እናገራለሁ? እዚህ አገር የልጆች ሆስፒስ ከቤተሰብ ሳንቲም አይቀበልም። የሚኖሩትም በአብዛኛው ሰው በሚሰጣቸው ነው፤ በአሮጌ ልብስ ሱቅ፣ በማራቶን በሚሮጥላቸው ሰው። መንግሥት በ2024 ለመላው እንግሊዝ የልጆች ሆስፒሶች በሙሉ ለአንድ ዓመት የመደበው 25 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ይህን ሳስብ አፌ ይያዛል። ባለቤቴ ግን «በነጻ ነው ብለው ሌሊት ያሳምሟት?» አለና ኢሜይል ጻፈ።

ሥራ አስኪያጇ በማግስቱ ደወለች። ሰበብ አላበዛችም። የመድኃኒት ሰሌዳውን አውጥታ ያየችውን ነገረችን፤ እኛ ያላወቅነውን አንድ ሌላ መዘግየት ራሷ ጨምራ። ከዚያ በጽሑፍ ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ የኤጀንሲ ነርስ ኬር ፕላኑን አንብባ ሳትፈርም ልጅ አትረከብም። ከአልጋዋ ራስጌም አንድ ገጽ ተለጠፈ፤ ቅንድቧ፣ ጣቶቿ፣ ትንፋሿ። እኔ ያንን ቤት ሙሉ በሙሉ ያመንኩት ከዚህ ስህተት በኋላ ነው። ስታማርሩ ፊታቸው ከጠቆረ፣ ወይም ቀጣዩ ቀጠሮ «ሞልቷል» ከተባለ፣ ያኔ ሌላ ቤት ፈልጉ።

ለጥንቃቄ፣ እንግሊዝ ያላችሁ ሲኪውሲ የሚባለው ተቆጣጣሪ እያንዳንዱን ሆስፒስ መርምሮ ሪፖርቱን ለሕዝብ ያወጣል። ከአራት ደረጃ አንዱን ይሰጣል። ደረጃውን ብቻ አይታችሁ አትዝጉት፤ የመጣበትን ቀን እዩ፣ ስለ መድኃኒት አያያዝና ስለ ሠራተኛ ቁጥር የጻፈውን አንብቡ። የግል ቅሬታችሁን ግን እሱ አይፈታላችሁም። መጀመሪያ ለቤቱ ለራሱ ነው የሚቀርበው። ብትነግሩት ግን መዝግቦ ለምርመራው ይጠቀምበታል።

አስተርጓሚ። የእኔ እንግሊዝኛ ለገበያ ይበቃል፤ ለእንደዚህ ያለ ነገር አይበቃም። ሆስፒታል ሳለን አንድ ቀን አስተርጓሚ ሲቀር ወንድሟን አስተርጉም አሉት። ልጁ የእህቱን ነገር በራሱ አፍ ለእናቱ ነገረ። ያንን ቀን ይቅር ለማለት ዛሬም እቸገራለሁ። አስተርጓሚ መብታችሁ ነው፣ ክፍያ የለውም፤ ልጅ አታስተርጉሙ። ሆስፒሱ በስልክ ያመጣልን ነበር። ለንደን ያለው አበሻ ተዋውቆ ስላለቀ ከሌላ ከተማ ይሁንልን አልን፤ ተቀበሉን። ደግሞ ከስብሰባው በፊት ለአስተርጓሚው አምስት ደቂቃ ስጡት። አንዱ ሞርፊን የሚለውን «አደንዛዥ ዕፅ» ብሎ ተርጉሞልን ባለቤቴ ሊደባደብ ነበር።

ስለ ሞርፊን ካነሳሁ አይቀር፣ እናቴ ከአዲስ አበባ በስልክ ታለቅስ ነበር። «ያንን ከሰጧት ትነቃለች ብለሽ አትጠብቂ፣ ይገድሏታል» ትለኛለች። እኔም በልቤ እንደዚያ አስብ ነበር። የሆስፒሱ ሐኪም ስልኩን ተቀብሎ በአስተርጓሚ አናገራት። በክብደቷ ተለክቶ በትንሹ እንደሚጀመር፣ ሕመሟን አይተው እንደሚጨምሩ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለው በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደሆነ፣ ሆድ ስለሚያደርቅ አብሮ ማለስለሻ እንደሚሰጥ። እናቴ መጨረሻ ላይ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፤ «ጸበልስ?» እሱም አልሳቀም። በቱቦው ከማስገባታችን በፊት እንነጋገር፤ ግንባሯንና ከንፈሯን ማስነካት ግን ዛሬውኑ ይቻላል አለ። ጠርሙሱ ከመድኃኒቶቹ ጎን፣ ስሟ ተጽፎበት ተቀመጠ።

ወንድሟንም አልረሱትም። ለወንድምና ለእህት ብቻ የተመደበች ሠራተኛ አለች። ፕሌይስቴሽን እየተጫወቱ ነው የሚያወሩት። አንድ ቀን «ሚጡ የታመመችው በልጅነቷ ከሶፋ ላይ ስለጣልኳት ነው» ብሎ ያምን እንደነበር ነገራት። ሦስት ዓመት ይዞት ኖሯል። እኔ እናቱ አላውቅም ነበር።

የመጨረሻውን ዕቅድ የጻፍነው ከመሞቷ ሰባት ወር በፊት ነው። ልቧ ቢቆም ምን ይደረግ፣ ኢንፌክሽን ቢይዛት ሆስፒታል ትሂድ ወይስ ትቅር፣ የት ትሁን። ሐኪሙ «ይቅርባት ወይ» ብሎ አልጀመረም። «በጣም የሚያስፈራችሁ ምንድን ነው?» ብሎ ነው የጀመረው። ባለቤቴ «ታፍና እንዳትሞት» አለ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ከዚያ ተነስቶ ተጻፈ። ወረቀቱን በፈለጋችሁ ቀን መቀየር ትችላላችሁ። እኛ ሁለት ጊዜ ቀይረናል።

በ2024 መኸር ላይ ነው የመጣው። 5 ዓመት ከ8 ወሯ ነበር። ትንፋሿ እየተቆራረጠ እንደሚሄድ፣ ጉሮሮዋ እንደሚንኳኳ፣ ያ ድምፅ እኛን እንጂ እሷን ብዙም እንደማያስጨንቃት ቀድመው ነግረውን ነበር። ስለነገሩን አልሮጥንም፣ አምቡላንስ አልጠራንም። አባ መጡ። ጠያቂው ሃያ ሰው ሞላ። አንድ ሰፊ ክፍል ከፈቱልን፤ ሻይ አቀረቡ፤ ወደ ሚጡ ክፍል ግን በአንዴ አራት ሰው ብቻ አሉ። ያንን ደንብ ያስከበሩት እነሱ ስለሆኑ ዘመድ እኔን አልተቀየመኝም። ይህም እንክብካቤ ነው።

ካረፈች በኋላ ስላለው አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ብዙ አበሻ አያውቀውም። አገር ቤት ቀብር በማግስቱ ነው። እዚህ ወረቀቱ ብቻ ቀናት ይወስዳል። ብዙ የልጆች ሆስፒሶች ግን ልጁ እስኪቀበር በራሱ አልጋ የሚተኛበት ቀዝቃዛ ክፍል አላቸው። ሬሳ ክፍል አይመስልም፤ መጋረጃ አለው፣ መጫወቻ አለው። አማቴ መጀመሪያ «ደግሞ ብቻዋን ልታድር?» አሉ። ብቻዋን አላደረችም። ወንበርና ብርድ ልብስ አስገቡልን። ሴቶቹ ተራ ገቡ፤ አንድ ዲያቆን እየመጣ ዳዊት ደገመላት። አምስት ቀን።

ስለ ገንዘቡ ባጭሩ፤ እንግሊዝ ውስጥ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የቀብሩን ክፍያ የሚሸፍን የመንግሥት ፈንድ ከ2019 ጀምሮ አለ፤ ለሬሳ ሳጥንም እስከ 300 ፓውንድ ይጨምራል። ገቢ አይጠይቅም። ተቀጥሮ የሚሠራ ወላጅ ደግሞ የሁለት ሳምንት የሐዘን ፈቃድ በሕግ አለው። ባለቤቴ የዓመት ፈቃዱን ሊወስድ ሲል ያስቆመችው የሆስፒሱ ሶሻል ወርከር ናት።

በሦስተኛው ቀን ማታ ፀጉሯን ልሠራት ገባሁ። ቅባቱም ማበጠሪያውም ያው የኔ ነበር፤ መሳቢያዋ ውስጥ በሥርዓት ተቀምጧል። ከፊት ያለውን ሠራሁ፤ ስድስት ሹሩባ። ወደ ኋላ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። ያቺ ሹሩባ የለመደችው ነርስ በር ላይ ቆማ ነበር። «ልጨርስላት?» አለችኝ። ማበጠሪያውን ሰጠኋት። እኔ የሚጡን ራስ ደግፌ ያዝኩ፣ እሷ ከኋላ ያለውን ጨረሰች።